የመስታወት ክፍል ለጎንደር ቤት፦ ፀሐይዋ ከጎን ትግባ፣ ከላይ አትግባ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ቤታችን ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው። ብሎኬት ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ይኖራል። እዚያ ሰው ቤት ያየውን ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት የሆነ ክፍል ፎቶ ልኮልኝ በጣም ወደድኩት። ገንዘቡንም ሊያግዘኝ ነው። ከሳሎኑ ጀርባ በምዕራብ በኩል 4 በ5 ባዶ ቦታ አለን። ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን በረንዳ አለች፤ አሁን የጫማ ማስቀመጫ ሆናለች። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እንድትሞቅበት፣ እኔም አበባ እንዳስቀምጥበት፣ እንግዳ ሲመጣም ቡና እንድናፈላበት ነው የፈለግኩት። አልሙኒየም ሠሪው ጀርባውን ለክቶ ሄዷል። ከመጀመሬ በፊት ምን ልወቅ?»

እህቴ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቦታውና ጣሪያው ግን መለወጥ አለባቸው። ሁለቱን ከለወጥሽ የቀረው ቀላል ነው። ካልለወጥሽ ግን የቱንም ያህል ጥሩ አልሙኒየም ብትገዢ፣ ክፍሉ የካቲት ከገባ በኋላ አያስቀምጥሽም።

ከወንድምሽ ፎቶ ልጀምር። ያ ክፍል ለእነሱ ፀሐይ የተሠራ ነው። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51 ዲግሪ ተኩል ላይ ነች። ታኅሣሥ ላይ በቀትር እንኳ ፀሐይዋ ከአድማስ 15 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። ስለዚህ እዚያ ሰው ያገኛትን ብርሃን ሁሉ መሰብሰብ ይፈልጋል፤ ጣሪያውንም መስታወት ያደርጋል፤ ትክክልም ነው። ጎንደር 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነች። የእኛ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ 54 ዲግሪ ላይ ትሆናለች፣ በደቡብ በኩል። ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደግሞ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ነሐሴን ደመናው ይሸፍንልናል። ሚያዝያን የሚሸፍንልን የለም።

ሒሳቡን እንሥራው። በጠራ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1,000 ዋት ገደማ ነው። ተራ ንጹሕ መስታወት ከዚህ ውስጥ 80 በመቶውን ያህል ያሳልፋል። ያሰብሽው ጣሪያ 20 ካሬ ነው። ስለዚህ 16,000 ዋት ያህል ሙቀት ወደ ክፍሉ ይገባል ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል። አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ተጥዶ በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ እናትሽን ማስቀመጥ ነው የሚሆነው። የገባው ሙቀት ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ብርሃኑ መስታወቱን አልፎ ወለሉንና ወንበሩን ያሞቃል፤ ከወለሉ መልሶ የሚነሳውን ሙቀት ግን መስታወቱ አያሳልፈውም። ክፍሉ እየጋለ የሚሄደው ለዚህ ነው።

ማታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ የታኅሣሥንና የጥርን ሌሊት አንቺም ታውቂዋለሽ። ነጠላ መስታወት ከተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ይልቅ ከእጥፍ በላይ ሙቀት ያስወጣል፤ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት የመስታወት ጣሪያ ደግሞ የባሰ ነው። ቀን እሳት፣ ማታ በረዶ የሆነ ክፍል ውስጥ አበባውም አይመቸውም፣ እናትሽም አይመቻቸውም።

አሁን ወደ ቦታው ልምጣ። ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳያስብበት ያልፈዋል። ባዶ ቦታ ስላለ ብቻ እዚያ እንሥራ ይባላል። መጠየቅ ያለበት ግን «ክፍሉን በስንት ሰዓት ነው የምቀመጥበት?» የሚለው ነው። አንቺ ጠዋት ብለሻል። ምዕራብ በኩል ያለው ቦታሽ ጠዋቱን ሙሉ በቤቱ ጥላ ሥር ነው። ፀሐይዋ እዚያ የምትደርሰው ከቀትር በኋላ ነው፤ ያኔ ቀኑም ግሏል፣ እናትሽም ሙቀት አይፈልጉም። 9 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ ጣሪያው ቢረዝምም አይከለክላትም። መጋረጃ ዘግተሽ ልትቀመጪ ነው። መጋረጃ ዘግቶ ለመቀመጥ ደግሞ መስታወት አያስፈልግም፣ ብሎኬቱ ይበቃል።

ጀርባሽ ምዕራብ ከሆነ ፊትሽ ምሥራቅ ነው። ያቺ የጫማ ማስቀመጫ የሆነችው በረንዳ ናት የምትፈልጊው ቦታ! ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በቀጥታ ትገባለች፣ ቅዝቃዜው ሳይለቅ። 4 ሰዓት ሲሆን ከፍ ትላለች። ቀትር ላይ ከጣሪያው በላይ ሆና ትለቅቃችኋለች። ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ጥላ ነው፤ ያኔ ቡና ይፈላበታል። ክዳን ቀድሞውንም አላት፣ መሠረትም አላት፣ የሳሎኑ በርም እዚያው ነው። ከ20 ካሬ ይልቅ፣ በረንዳዋን ሌላ አንድ ሜትር ተኩል ወደ ፊት አስረዝመሽ፣ ጥልቀቱን 3፣ ወርዱን 4 ሜትር፣ ማለትም 12 ካሬ አድርጊው። ለሦስት ወንበር፣ ለረከቦትና ለአበባው ይበቃል። ወጪውም ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ዝም ብለሽ ግን አትመኚኝ፣ ራስሽ አረጋግጪ። በጠራ ቀን የክፍሉን ልክ በገመድና በእንጨት መሬት ላይ አስምሪ። ከዚያ በ1፣ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ውጪና ጥላው የት እንደደረሰ ምልክት አድርጊ፤ ስልክሽ ላይ ያለው ኮምፓስም ይረዳሻል። የጎረቤት ፎቅ ወይም ባሕር ዛፍ ምሥራቁን ከከለለው በዚህ ይታወቃል። አጥሩም ከፍ ያለ ከሆነ የጠዋቷን ፀሐይ አንድ ሰዓት ያህል ሊያዘገያት ይችላል። ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ታኅሣሥ ላይ አንዴ ማየቱ ይሻላል፤ ጥላ ረጅም የሚሆነው ያኔ ነው።

የደቡቡ ጎን ክፍት ከሆነ እሱንም መስታወት አድርጊው። ጎንደር ላይ ደቡብ የሚያይ መስታወት በጣም ጥሩ ነገር ነው፤ ምክንያቱንም በቁጥር ላሳይሽ። ጣሪያው ከመስታወቱ በላይ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ። መጋቢት አጋማሽ ላይ የቀትር ፀሐይ 77 ዲግሪ ስለምትሆን ያቺ 60 ሴንቲ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ጥላ ትጥላለች፤ መስታወቱ በቀትር ምንም ፀሐይ አይነካውም። ታኅሣሥ ላይ ግን ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ጥላው የላይኛውን 80 ሴንቲ ብቻ ይሸፍናል፤ ከዚያ በታች ፀሐይዋ ገብታ ወለሉን ታሞቃለች። ሲበርድ ታስገባለች፣ ሲሞቅ ትከለክላለች፤ ማንም ሳይከፍታት ሳይዘጋት።

ጣሪያው እንግዲህ ቆርቆሮ ይሁን። ፎቶው ላይ ያለውን ያህል አያምርም ትይኝ ይሆናል። እኔ ግን ውበቱ ያለው ጎኑ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ተቀምጦ ሰማይ የሚያይ የለም፣ ደጁንና መንገዱን ነው የሚያየው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይግባ፤ በመሃሉ ፎም ወይም ሌላ ሙቀት የሚከላከል ነገር ይነጠፍ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ራሱ ቀትር ላይ እንደ ምድጃ ነው፣ ሐምሌ ላይ ደግሞ ዝናቡና በረዶው ሲወርድበት አያነጋግርም።

አንድ ነገር ግን አትርሺ። ከሳሎኑ መስኮት ፊት ክፍል ስትጨምሪ ሳሎኑ ይጨልማል። ለዚህ ሲባል ጣሪያው ላይ አንድ ቀጭን የብርሃን መስመር መተው ይቻላል፤ ወርዱ 60 ሴንቲ ያህል፣ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ የተጠጋ። ለእሱ ፖሊካርቦኔት የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ወተት የመሰለውን ነጩን ተጠቀሚ፤ 10 ሚሊ ውፍረት ያለውን፣ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ በረዶም ይችላል። ሦስት ነገር ግን ሠሪው እንዳይረሳ ተቆጣጠሪው። ፀሐይ መከላከያ ቅብ ያለው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ያ ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ ስስ ፕላስቲኩ ላይ ተጽፎበት ይመጣል፣ ሳይነበብ እንዳይላጥ። ቀዳዳዎቹ ወደ ቁልቁለቱ ይሂዱ፣ ጫፋቸውም በቴፕ ይታሸግ፤ አለበለዚያ አቧራና ጉንዳን ገብቶበት በዓመቱ አረንጓዴ ይሆናል። በየሜትሩ 3 ሚሊ ያህል መላወሻ ይተውለት፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ቦታ ካጣ ይጎብጣል። ርካሹን አትግዢ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር፣ በየ1,000 ሜትሩ፣ ፕላስቲክን የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እኛ ጋ ርካሽ ፕላስቲክ ቶሎ ቢጫ ይሆናል።

ቁመቱን አሁኑኑ ለኪ። ይህ ነገር በኋላ ሲታወቅ ነው ሰውን የሚያናድደው። አዲሱ ጣሪያ ከድሮው ቆርቆሮ ጠርዝ ሥር ገብቶ ወደ ውጭ መውረድ አለበት። ለምሳሌ የድሮው ጠርዝ ከበረንዳው ወለል 2 ሜትር ከ60 ላይ ይሁን። አዲሱ 10 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቢጀምርና በየሜትሩ 15 ሴንቲ ቢወርድ፣ አንድ ሜትር ተኩል ሲሄድ 2 ሜትር ከ27 አካባቢ ይደርሳል። ወደ ውጭ የሚወጣው 60 ሴንቲ ሲጨመርበት ጠርዙ 2 ሜትር ከ18 ላይ ይሆናል። ከዚህ በላይ ብትገፊው ረጅም ሰው ግንባሩን ይመታል። ሦስት ሜትር ጥልቀት ያልኩሽ ለዚህም ነው። ቁልቁለቱን ቀንሰን ክፍሉን እናስረዝመው የሚልሽ ካለ እሺ አትበዪ፤ የእኛን የሐምሌ ዝናብ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አይችለውም።

ስለ ዝናቡ ካነሳን፣ ብዙ የመስታወት ክፍል የሚበላሸው በፀሐይ ሳይሆን በመጋጠሚያው በኩል በሚገባ ውኃ ነው። የድሮው ቤት ጣሪያ ውኃ አዲሱ ላይ በቀጥታ እንዳይወርድ ከላይ አሸንዳ ይኑረው። አዲሱም የራሱ አሸንዳ ይኑረው። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ በሲሊኮን ብቻ አይታመንም፤ የታጠፈ ላሜራ ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ ይግባና ከላዩ ይለሰን። ሲሊኮን በፀሐይ ይደርቅና ይላቀቃል፣ ላሜራው ግን ይቆያል። የጎንደር ዓመታዊ ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ሚሊ ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። ወደ ውጭ ከወጣው ጠርዝ ጋር ጣሪያሽ 15 ካሬ ቢሆን፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ በዓመት ከ10,000 ሊትር በላይ ይሰበሰባል። ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አሸንዳውን ወደ ሮቶ አስገቢው፤ ለአበባውና መስታወቱን ለማጠብ ይሆንሻል። መስታወት የበጋውን አቧራ በጣም ያሳያል።

መሠረቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ። አዲሱንና የድሮውን ግድግዳ አታጣብቂ። የድሮው ቤት ተቀምጦ ጨርሷል፤ አዲሱ ገና ይቀመጣል። አንድ ላይ ከታሰሩ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፣ አንዱ መስታወትም አብሮ። 2 ሴንቲ ያህል ክፍተት ተትቶ በሚለጠጥ ነገር ይሞላ። በተለይ ጥቁር አፈር ያለበት ግቢ ከሆነ ጥቁሩ ተጠርጎ ይውጣ፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል። ይህን የምታነቡ ቤታችሁ የጭቃ የሆነ ደግሞ፣ ክፍሉን ከቤቱ ግድግዳ ላይ አታንጠልጥሉት። የራሱ አራት ምሰሶ ይኑረው፤ የጭቃው ቤት አጠገቡ ይቁም፣ አይሸከመው።

ግድግዳው ከመሬት ጀምሮ መስታወት እንዲሆን አልመክርም። 60 ሴንቲ ያህል አጭር ግንብ ከታች ይሁን። ክረምት ላይ ከመሬት የሚፈናጠረው ጭቃ ወደዚያ ከፍታ ይጠጋል፤ የልጆች ኳስም አለ። ከላዩ መቀመጫም ይሆናል፣ የአበባ ማስቀመጫም። በድንጋይ ካሠራሽው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ፋሲል ግንብ ውስጥ በሚያዝያ ቀትር የገባ ሰው ያንን ቅዝቃዜ ያውቀዋል፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሙቀትን ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎም ይመልሳል። ጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት የድንጋይ ግንብና የድንጋይ ወይም የሴራሚክ ወለል እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ ቶሎ እንዳይግል፣ ማታም ቶሎ እንዳይቀዘቅዝ ያግዛል። ጣውላና ምንጣፍ ይህን አይሠሩም። ለእናትሽ እግር ትንሽ ምንጣፍ ከወንበራቸው ሥር ይበቃል፤ ሲነሱ የማያደናቅፋቸው ይሁን። ከሳሎን ወደዚያ ሲወጡም ደረጃ እንዳይኖር ወለሉ እኩል ይምጣ። ጉልበት ለሚያመው ሰው አንዲት ደረጃ ብዙ ናት።

መስታወቱ 6 ሚሊ ይሁን። በካሬ 15 ኪሎ ይመዝናል፣ ስለዚህ ፍሬሙ ደካማ አይሁን፤ የፕሮፋይሉ፣ ማለትም ፍሬሙ የሚሠራበት የአልሙኒየም ዘንግ፣ ግድግዳ ቢያንስ 1.4 ሚሊ ውፍረት ይኑረው። ለበሩና ለታችኛው ክፍል ቴምፐርድ የሚባለውን፣ በሙቀት የጠነከረውን መስታወት እዘዢ። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ ነው፣ ቴምፐርዱ ግን ጠጠር ጠጠር ይሆናል። ቴምፐርድ ከተሠራ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፤ በአንድ ሴንቲ ስህተት መልሶ ማዘዝ ወር ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬሙ ይተከል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ክፍት በተናጠል ይለካ፣ ከዚያ መስታወቱ ይታዘዝ። ሠሪው አሁን በለካው ልክ እንዳያዝዝ ንገሪው።

ያ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ መስታወት፣ ከተማው ሁሉ የሚገጥመው፣ ለዚህ ክፍል አይሆንም። የምትፈልጊውን የጠዋት ፀሐይ ይቀንስብሻል። ማታ መብራት ስታበሪ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከውጭ ያለው አንቺን ያያል፣ አንቺ ራስሽን ታያለሽ። ንጹሕ መስታወትና ጥሩ መጋረጃ ይበልጣል። ድርብ መስታወትም ይቅርብሽ። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለእኛ ብርድ ወጪው አያዋጣም፤ በዚያ ገንዘብ የሚከፈት መስኮት ጨምሪበት።

መስኮት ስል፣ የሚከፈተው ቦታ ከወለሉ ስፋት ቢያንስ አንድ አምስተኛ ይሁን። ለ12 ካሬ ወለል 2 ካሬ ከ40 ማለት ነው። ተንሸራታች መስኮት ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው፤ ሲቆጠር በግማሽ ይቆጠር። ግማሹ መከፈቻ ዝቅ ብሎ፣ ግማሹ ከጣሪያው ሥር ከፍ ብሎ ይሁን። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው በታች ይገባል። ሁሉም በአንድ ከፍታ ከሆነ አየሩ አይንቀሳቀስም። ወንፊት ይኑራቸው።

አሁን ቡናውን። ይህን በደንብ ስሚኝ። የመስታወት ክፍል ተራ ክፍል ከሚዘጋው በላይ ይዘጋል፤ ሲሊኮኑና ጎማው ሁሉንም ቀዳዳ ይደፍናል። እዚያ ውስጥ በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ከሰል ማንደድ ይገድላል። የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም፤ ራስ ምታትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው የሚጀምረው፤ ትልቅ ሰው ደግሞ አረፍ አሉ ተብለው ይታለፋሉ። ቡና ስታፈሉ የታችኛውም የላይኛውም መስኮት ይከፈት፣ ወይም በኤሌክትሪክ ይፈላ። በብርድ ሌሊት ክፍሉን ለማሞቅ ብላችሁም ከሰል እንዳታስገቡ።

ስለ እናትሽ ሌላም ልንገርሽ። ፀሐይዋ በመስታወት አልፋ ሙቀት ትሰጣለች፤ ለጉልበታቸው ያ ይመቻቸዋል። ለአጥንት የሚጠቅመው ቫይታሚን ዲ ግን በመስታወት ውስጥ አይገኝም፤ ቆዳ ላይ የሚሠራውን ጨረር መስታወት ያስቀረዋል። ስለዚህ ከወንበራቸው ፊት ያለው መስኮት በሰፊው የሚከፈት ይሁን፤ ሲሞቅ ይከፈትና ፀሐይዋ እጅና እግራቸው ላይ በቀጥታ ትረፍ። ጉልበታቸውንም ሐኪም ይየው፤ ክፍሉ ሕክምና አይተካም።

አበባው ላይ ብዙ አልልም። የጠዋት ፀሐይ ለብዙው ተስማሚ ነው። በሶብላ፣ ሮዝሜሪ፣ ጤና አዳም መስታወቱ አጠገብ፤ ቅጠላቸው ሰፋፊ የሆኑት የቤት አበቦች ወደ ውስጥ፣ ወደ ሳሎኑ ግድግዳ። ጽጌረዳ ውጭ ይሻለዋል። አበባ ሲበዛ ሌሊት መስታወቱ ላይ የውኃ ጠብታ ይሰበሰባል፤ የአልሙኒየሙ የታችኛው ፍሬም ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ እንዲኖረው ጠይቂ፣ ሠሪዎች አንዳንዴ ይረሱታል።

የሳሎኑን የድሮ በርና ግድግዳ እንዳታፈርሺ። ብዙ ሰው ይሰፋልኛል ብሎ አፍርሶ አንድ ያደርገዋል፤ ከዚያ የመስታወቱ ብርድ ሳሎን ይገባል፣ ሌባም መስታወት ሰብሮ ሳሎን ይገባል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ በሩን ክፈቺ፣ ሙቀቱ ሳሎኑን ያሙቅ። ማታ ዝጊው፣ ዋናው ቁልፍም እሱ ይሁን።

ፈቃድ አስፈላጊ ነው። ማስፋፊያ ነው፣ ጥገና ብቻ አይደለም፤ ካርታሽንና ንድፉን ይዘሽ ማዘጋጃ ቤት ሄደሽ ጠይቂ። ከአጥር የሚተው ርቀት አለ፣ ፊት ለፊት ስለሆነም ያዩታል። ማራኪ ላይ ቅርስ የሚነካ ነገር አይመስለኝም። ፋሲል ግቢ አካባቢ ያላችሁ ግን፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ያለ ቦታ አጠገብ መሆናችሁን አስቡና ቅርስ የሚመለከተውንም ቢሮ አስቀድማችሁ ጠይቁ። እግረ መንገዴን፣ ፒያሳ ያሉትን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጣሊያን ጊዜ የተሠሩ ቤቶች በረንዳዎች ሄደሽ እያቸው። ጥላው እንዴት እንደሚወድቅ ከማንኛውም ፎቶ በላይ ያስተምርሻል።

ከአልሙኒየም ሠሪው ጋር ስትስማሚ በካሬ ስንት ብቻ አትበዪ። የመስታወቱን ዓይነትና ውፍረት፣ የፕሮፋይሉን ውፍረት፣ የሚከፈቱትን መስኮቶች ብዛትና ቦታ፣ ላሜራውንና አሸንዳውን ማን እንደሚሠራ በወረቀት አስጽፊ። ግንበኛውና አልሙኒየም ሠሪው መጋጠሚያውን አንዱ የሌላው ነው ሲሉ ነው ውኃ የሚገባው። ሙሉ ክፍያ አስቀድመሽ አትስጪ። የመጨረሻውን ድርሻ በጎማ ውኃ ለሰዓታት አስረጭተሽ፣ ጠብታ አለመግባቱን አይተሽ ክፈዪ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲጠነክር መሠረቱን አስወጪ። እስከ የካቲት ጣሪያና ፍሬም ካለቀ መስታወቱን ለማዘዝና ለመግጠም ሳትጣደፊ ትደርሻለሽ። ሰኔ ገብቶ ጣሪያ የሌለው ሥራ እንዳይኖርሽ።

የጀርባውን 4 በ5 ደግሞ አትዝጊው። ከሰዓት በኋላ የሚከልል አንድ ዛፍ ትከዪበት፤ የምዕራቡን ግድግዳ ከጥር እስከ ግንቦት ያቀዘቅዝልሻል፣ መኝታ ቤቶቹ ማታ ይሻላቸዋል። ከቤቱ መሠረት ግን አራትና አምስት ሜትር ራቅ ይበል።

ከበረንዳው ወለል እስከ ቆርቆሮው ጠርዝ ያለውን ቁመትና ምሥራቅ በኩል አጥሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክተሽ ላኪልኝ። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር ይሁን ወይስ ያነሰ፣ በእሱ እንወስናለን።